ካሳው የማን ነው?

አስታራቂ ሽማግሌ ደመወዝ የለውም። አበልም የለውም። ከወገራ እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ ሁለት ቤተሰብ ደም ተቃብቶ ሲፈላለግ መካከል ገብቶ የሚቆመው ሰው የራሱን በሬ ፈትቶ፣ የራሱን ስንቅ ቋጥሮ፣ በራሱ እግር ነው የሚሄደው። አብዛኛውን ጊዜ ቄስ ነው፤ ወይም የሰንበቴ ሙሴ፣ ወይም ነገር አዋቂነቱ በደብሩ የታወቀ ገበሬ። የሾመው የለም፤ ደክሞት ቢተወውም የሚጠይቀው የለም።

በጎ ፈቃደኛ ሲባል በብዙዎቻችን ዐይን የሚመጣው ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት የለበሰ ወጣት ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት "ልጆቻችን ለሰው መድከምን ከማን ይማሩ?" ብላ ስትጠይቀኝ ግን ፊቴ ላይ የመጡት እነዚያ ጋቢ የለበሱ የአገሬ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ስለ እነሱ ላውራችሁ። ምስጋና ብቻ አይደለም፤ የምነቅፈውም አለኝ።

እኔ ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ የአባቴ ዘመዶች ወገራ ናቸው። በልጅነቴ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተራው ሲደርሰን፣ ቤታችን በማኅበርተኛ ይሞላል። ጽዋ ማኅበር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ባለ እግዚአብሔር በ29። የእኛ የልጆቹ ሥራ ጠላ መቅዳትና ዳቦ ማዞር ነበር። ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ሙሴው "ቅያሜ ያለው አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። የተጣላ ሰው ጽዋውን አይቀምስም። አንዳንድ ጊዜ ዝም ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ግን መንገድ ላይ ስናያቸው የምንፈራቸው ትልልቅ ሰዎች ተነሥተው አንዱ በአንዱ ጉልበት ላይ ሲወድቁ እናያለን። ማሰሮ ይዘን ቆመን ነው የምናየው። ያኔ ማንም ለእኛ ብሎ አላደረገውም፤ እኛ ግን እያየን ነበር።

በነገራችን ላይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካህናቱ የሚሰበሰቡበትን ቤት ደጀ ሰላም፣ ሕዝቡ የሚቆምበትን ሜዳ ዐውደ ምሕረት ነው የምንለው። በየሳምንቱ እንረግጠዋለን፤ ቃሉን ግን ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

በማኅበር የሚበርደው ትንሹ ጠብ ነው። የከብት፣ የድንበር፣ የሐሜት። ትልቁ ደም ነው። በሰሜኑ ደጋ የሰው ነፍስ ከጠፋ ነገሩ የሁለት ሰዎች መሆኑ ያበቃል። ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ የእህት ልጅ ሁሉ ወይ ፈላጊ ወይ ተፈላጊ ይሆናል። ገበያ በአንድ ቀን አይወጡም፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አያስቀድሱም። ምንም ያላደረገ ሰው እርሻውን ጥሎ ይሰደዳል።

መንግሥትና ፍርድ ቤት የለም ወይ? አለ። ነፍስ ማጥፋት በወንጀል ሕግ የሚታይ ነው፤ ሽማግሌም ሊያስቀረው አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለሃይማኖትና ለባህል ዳኝነት ቦታ የሰጠው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ እሱም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ስለዚህ ገዳይ ይፈረድበታል፣ ይታሰራል። ችግሩ ሲፈታ ነው። ሰውዬው ወዴት ይግባ? መንግሥት ቅጣቱን ቆጥሮ ጨርሻለሁ ይላል፤ የሟች ወገን ግን አልቆጠረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቄሱ ከደጀ ሰላም ተነሥቶ መንገድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አካሄዱን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ሽማግሌዎቹ መስቀል የያዘ ቄስ አስቀድመው ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። አይገቡም፤ ደጅ ይቆማሉ። "ተቀመጡ" ቢባሉ አይቀመጡም፤ እህል ቢቀርብ አይቀምሱም። "የመጣንበትን ካልሰጣችሁን ቆመን እንመሽ" ነው። የመጀመሪያው ቀን መልሱ ሁልጊዜ እንቢ ነው፤ ቶሎ እሺ ያለ ወገን ሟቹን እንዳቀለለ ይቆጠራል። ስለዚህ ይመለሳሉ። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ይመጣሉ፤ እንደገና ይመለሳሉ። የደጋውን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሲሳካ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ተመቶ ይማማላሉ፤ የፈረሰውንም ቄሱ ያወግዛል።

አሁን ወደ አንድ የራሴ ዘመድ ልምጣ። ስም አልጠራም፤ ቦታውንም ወገራ ከማለት አላልፍም።

ሰውዬው የተገደለው በእርሻ ድንበር ነው። ሚስቱ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ወንድ ልጅ ስትወልድ የሟች ወንድሞች ተሰብስበው ስም አወጡለት። በእኛ አገር ስም ዝም ብሎ አይወጣም። ታረቀኝ አለ፣ እርቅይሁን አለ፤ ደመላሽም አለ። ለዚህ ሕፃን የወጣለት የኋለኛው ዓይነት ነው። ገና ዐይኑን ያልገለጠ ልጅ የሰው ዕዳ ተጻፈበት። (ስሙን የያዛችሁ ወንድሞቼ አትቀየሙኝ፤ ብዙዎቻችሁ ከስማችሁ ተቃራኒ የሆናችሁ ሰላማዊ ሰዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ።)

ገዳዩ ታስሮ ሲፈታ ልጁ 14 ዓመት ሞልቶታል። አጎቶቹ የአባቱን ጠመንጃ አሳይተውታል፤ እንዴት እንደሚወለወልም አስተምረውታል። የደብሩ ቄስና አራት ሽማግሌዎች መመላለስ የጀመሩት ያኔ ነው። ቄሱን መምሬ ልበላቸው። ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በአራተኛው መምሬ አንድ ያልተለመደ ነገር ጠየቁ።

"የልጁ እናት የት አለች?"

"ሴት በደም ነገር ምን አገባት?" አሉ አጎትየው።

"ልጁን ያሳደገችው ማን ናት? እናንተ ናችሁ? እሷን ሳልሰማ ብትታረቁም አላምናችሁም።"

ለብቻዋ አነጋገሯት፤ የነፍስ አባቷም ስለሆኑ ማንም ሊከለክል አልቻለም። በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ መጀመሪያ የተናገረችው "አባቴ፣ እኔን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም" የሚል ነው። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ የሆዷን አወጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ መሬቷን ለእኩል የሚያርሰው የባሏ ወንድም ነው። ግማሹ የሷ ነው ይባላል፤ ከአውድማ የሚደርሳት ግን እሱ የወደደው ነው። ከተናገረች "ባል ልታገባ ነው" ይሏታል። ዕርቅ ቢወርድ ካሳውን የሚካፈሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ልጁ አባቱንም አጥቶ ካሳውንም ያጣል። ዕርቅ ባይወርድ ልጁ ራሱ ይጠፋል። "በሁለቱም በኩል የምከስረው እኔ ነኝ" አለች።

እንግዲህ አስታራቂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተኩሱ እስኪቆም ብቻ የሚፈልግ ነው፤ ወንዶቹ ከተጨባበጡ ሥራው አለቀ። ይህንን የሰማ ቄስ "ይኼስ የቤተሰብ ጉዳይ ነው" ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ብዙዎች ያልፉታል። መምሬ አላለፉትም። ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው "ካሳው የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። የልጁ ነው፣ በልጁ ስም ባንክ ይግባ፣ መሬቱም ማን እንደሚያርሰው እሷ ትምረጥ አሉ። አጎትየው "ቄሱ የሴት ጠበቃ ሆኑ" ብለው በየመጠጡ ቤት አወሩባቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ቅር ተሰኝተው ለጊዜው ቀሩ። ዕርቁ በዚህ ምክንያት አራት ወር ተጓተተ። አራት ወር ማለት ልጁ ጠመንጃውን የሚወለውልበት አራት ወር ነው፤ መምሬ እንዴት እንደተኙ እንጃ።

በመጨረሻ ሆነ። እኔም ሄጄ ነበር፤ ከሴቶቹ ጋር በቅጥሩ በኩል ቆሜ ነው ያየሁት። ገዳዩ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ድንጋዩን የሚያወርድለት የሟች ወገን ነው፤ ልጁን አቆሙት። ድንጋዩ ለልጁ ከበደው። አንድ ጊዜ ሞክሮ አቃተው፤ ሰውየው እንዲመቸው ይበልጥ ዝቅ አለለት። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታይ ነበር። እኔ ብዙ ሠርግና ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ ያንን ያህል ጸጥ ያለ ጉባኤ አላየሁም።

ልጁ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የካሳው ገንዘብ ብዙ አልነበረም፤ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ለቤት ኪራይና ለደብተር በቅቶታል። እናቱ መሬቷን የሰጠችው ለሌላ አራሽ ነው። አጎትየው እስከ ዛሬ ያኮርፋሉ።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ስለ ዕርቅ ሲወራ ጆሮዬ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? በክልላችን አንዳንድ ቦታ ለደም ማድረቂያ ተብሎ ሴት ልጅ ለተጣላው ወገን ትዳር የምትሰጥበት ልማድ ነበር። ደሙ በልጅ ይታሰራል ይባላል፤ ከሁለቱ ቤት የሚወለደው ሕፃን የሁለቱም ስለሚሆን ማንም ጥይት አይተኩስም። አሳቡ ይገባኛል። ልጅቷን የጠየቃት ግን አለ? ወንድሟ ላጠፋው ነፍስ በየቀኑ ከሚጠላት ቤት እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት። ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ ያለ ፈቃድም ጋብቻ የለም። እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብላቸው "ይኼን አልባርክም" የሚሉ ካህናት አሉ፤ እነሱን ነው የማከብረው። አያቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር የሚለው ምክንያት ለእኔ በቂ አይደለም፤ እኔም አያት ነኝ።

ሌላው ነቀፋዬ ዕድሜ ነው። አስታራቂ ሁሉ ለምን ሽበታም ይሆናል? ጎንደር ራሷ ከመቆረቆሯ በፊት በአገራችን በሃይማኖት ሳቢያ የተነሣው ጦርነት ሲያበቃ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1632 መሆኑ ነው፣ በወይና ደጋ ጦርነት 8ሺህ ያህል ሰው አልቋል ይባላል። ያን ጊዜ አፄ ሱስንዮስን ይብቃ ብለው ከለመኑት አንዱ የገዛ ልጃቸው ፋሲለደስ ናቸው። ንጉሡ የሕዝቡን የቀድሞ ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ከተማችንን የቆረቆሩት እኒያ ልጅ ናቸው። ልጅ አባቱን ሊለምን እንደሚችል ከጎንደሬ በላይ ማን ሊያውቅ ይገባ ነበር?

ወጣት ያስታረቀበትን አገር በቅርብ ዘመን ብፈልግ ራቅ አድርጎ ባልካን ይወስደኛል። ኮሶቮ ውስጥ እንደ እኛው ደጋ ደም ከአባት ለልጅ የሚወረስበት ልማድ ነበር፤ ተፈላጊ የሆኑ ወንዶች ከቤታቸው አይወጡም ነበር። በ1990 (አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ተማሪዎችና ወጣቶች ተነሥተው የሕዝብ ተረትና ልማድ ሲያጠኑ የኖሩትን ፕሮፌሰር አንቶን ቼታን አስከትለው በየመንደሩ ዞሩ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከአስታራቂዎቹ መካከል የካቶሊክ ካህናት ነበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ በአንድ ሜዳ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ደሙን በአደባባይ ይቅር አለ። በሁለት ዓመት ገደማ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የደም ጠብ ታረቀ። ሴት ልጆችም በየቤቱ እየገቡ ይለምኑ ነበር። የሽማግሌው ክብርና የወጣቱ ጉልበት አንድ ላይ ሲሄዱ ነው እንዲህ የሆነው።

የእኛስ ወጣት? አለ፤ የምንጠራው ግን ለጥምቀት ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ ገመድ ይዞ ሰው የሚያስተናግደው እሱ ነው። ሙስሊም ወጣቶችም መጥረጊያ ይዘው መንገድ ሲያጸዱ አይተናል። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2013 መጨረሻ ውጊያው ዳባት ድረስ ሲመጣና ተፈናቃይ ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ሲጎርፍ፣ በየደብሩ ያሉ ሴቶች እንጀራ ሲጋግሩ ወጣቶቹ ይሸከሙ ነበር። ሸክም ስናገኝ እንጠራቸዋለን። ነገር ሲነገር ደግሞ "ልጆች ውጡ" እንላለን።

ያስወጣናቸው ልጆች ነገሩን ሌላ ቦታ ይሰሙታል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም ጎንደር ውስጥ በአንድ የሙስሊም የሃይማኖት አባት ቀብር ላይ በተነሣው ግጭት ከ20 በላይ ሙስሊሞች መገደላቸውን የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታውቋል። መቃብሩና ቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት ናቸው፤ ጠቡ የተነሣው ከድንጋይ ማንሣት ነው ተብሎ ነበር። በአንድ ዕድር ሲቀባበሩ የኖሩ ሰዎች ከተማ ነው። ካህናቱና ሼኾቹ ከዚያ በኋላ ተቀምጠዋል፤ ደግ አደረጉ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በየቤታችን እራት ላይ ልጆች እየሰሙ የተወራው ወሬ ነው። እዚያ ማንም ሽማግሌ አይገባም። እዚያ ያለነው እኛ ነን።

ዛሬ የመምሬ ዓይነት ሰው ሥራው ከብዶታል። በ2011 ዓ.ም በአዋጅ የተቋቋመው፣ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ የመሩት የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን ሦስት ዓመቱን ጨርሶ ተዘግቷል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ግጭት አለ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይታገታል። ድሮ መስቀል የያዘ ቄስና ነጭ የለበሰ ሽማግሌ በየትኛውም በር ያልፍ ነበር። አሁን ከየት መጣህ፣ የማን መልእክተኛ ነህ ይባላል። ጠመንጃው በዝቷል፤ አስታራቂው ቀንሷል። ዕድሜውም ገፍቷል።

ከላይ ካነሣኋቸው ከአራቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ አርፈዋል። አንደኛው ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቤት አይወጡም። መምሬ ባለፈው ለሕክምና ጎንደር ሲመጡ እኔ ቤት አደሩ። ምትክ ሰው እየፈለጉ ነው። ሁለት ወጣቶች አስበዋል፤ አንደኛው የትምህርት ቤት መምህር ነው። ሦስተኛዋ ያቺው የልጁ እናት ናት። የደም ነገር ከውስጥ የምታውቅ፣ ባሏን የቀበረች፣ ለገዳዩ ይቅር ያለች ሴት ደጅ ላይ ቆማ "አልቀመጥም" ብትል ማን ይመልሳታል? አሉኝ።

"ሽማግሌዎቹ እሺ አሉ?" አልኳቸው።

"የለም" አሉ፣ ቡናቸውን እየጠጡ። "አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ እንቢ አሉ። ለባለ እግዚአብሔር ደግሞ እጠይቃቸዋለሁ።"